ሀዋሳ ላይ የምንመለሰው ለምንድን ነው? የሞያሌ መንገድ እስከ ጥጉ

ቸርችል_ቁልቁለት፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ቢሮዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ረዘም ያለ በዓል በመጣ ቁጥር የቢሮው ወሬ አንድ ነው፤ ላንጋኖ ወይስ ሀዋሳ? ከሀዋሳ ወዲያስ ስል የማገኘው መልስ "ከዚያማ ቡና ነው፣ ከዚያ ሞያሌ" የሚል ነው። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንዲህ በአንድ አፍ ተዘጋ።

ካርታውን ዘርግታችሁ እዩት እስቲ። ከመስቀል አደባባይ ወጥቶ፣ በቃሊቲ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አድርጎ ሞጆ ላይ ከጅቡቲው መንገድ ይለያል። ከዚያ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ ሀዋሳ፣ ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ። ወደ 770 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ይደርሳል የሚባለው የአህጉሩ አውራ ጎዳና በእኛ አገር የሚያልፈው በዚሁ ነው። እኛ የሸገር ልጆች ግን አሳ በልተን ለመመለስ ብቻ እንጠቀምበታለን። ያናድደኛል።

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአውቶቡስ ልሄደው ነው። በየት በኩል ልቀመጥ? የት ልውረድ? የት ልደር? መቼስ ይሻላል፣ ኅዳር ወይስ ጥር? "ደረቅ ነው፣ ምንም የለም" የሚል መልስ ግን ይቅርብኝ።

ጡረተኛ_ቀያሽ፦

ልጄ፣ ግራ ተቀመጥ። ከሾፌሩ ጀርባ። ቆቃ በግራ ነው፣ ዝዋይ በግራ ነው፣ ላንጋኖም በግራ ነው። አብያታና ሻላ ብቻ በቀኝ ይመጣሉ፤ ያኔ ከጓደኛህ ጋር ቦታ ተለዋወጡ። ከዚያ በፊት በቀኝ በኩል የሚያስቆጭ አንድ ነገር አለ፤ ዝቋላ። ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ ስትወርድ ብቻውን ቆሞ ታየዋለህ። አናቱ ላይ ሐይቅም ገዳምም አለው።

መጀመሪያ ቁልቁለቱን አስተውል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ። ቆቃ ስትደርስ 1,600 አካባቢ ነህ። ስምጥ ሸለቆ ገባህ ማለት ነው። ሹራብህን የምታወልቀው እዚያ ነው። እርሻውም አብሮ ይለወጣል። አድአ ላይ፣ ማለትም ቢሾፍቱ ዙሪያ፣ ጥቁር አፈርና ማኛ ጤፍ ነው። ሞጆን ስታልፍ አፈሩ ይሳሳል፣ ግራር ይጀምራል። መቂ ላይ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም በሣጥን ተደርድሮ መኪና ሲጠብቅ ታያለህ።

ቆቃ ሐይቅ አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ገንዘቡ ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ የመጣ ነበር። ብዙ ሰው ድልድዩን ሲያቋርጥ ተኝቶ ነው የሚያልፈው። አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ማየት ይገባዋል።

ሌላው፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ሲሸሽ አራት ሆነው ቀሩ። ቡልቡላ አካባቢ የተናዱ ገደሎችን ብታይ ነጭና ግራጫ ንብርብር አላቸው። የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ቆንጥረህ ብታሸው ጣትህ ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል። እኛ የመንገድ ሰዎች ይህን አፈር አንወደውም። ዝናብ ከነካው ይሸረሸራል፣ ቦዩን ይሞላዋል፣ የመንገዱን ትከሻ ይበላዋል።

ከሀዋሳ ወዲያ ያለውን ለአገሬው ሰዎች ልተወው።

ለገሀር_ማዶ፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ግን ግራ መቀመጥ ማለት በጠዋት ፀሐይ ሞጆ ድረስ መጠበስ ማለት እንደሆነም ይንገሩት እንጂ 😄 መጋረጃ ያለው አውቶቡስ ምረጥ ወንድሜ። ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኝ ካሉህ ተገኝ። "ትንሽ ባረፍድ ይጠብቁኛል" ብለህ እንዳትሸወድ።

ባለ_ተሳቢ፦

በዚህ መንገድ ሥራዬ ነው። ስለ ሐይቁ እናንተ አውሩ፣ እኔ ስለ አስፋልቱ ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ያለው አሮጌው መንገድ የጭነት መኪና ሰልፍ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር እዚያ ይራገፋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ስትታጠፍ መኪናው ይቀንስና ጋሪ፣ ባጃጅ፣ አህያ፣ ከብት ይበዛል። ገበያ ቀን ከሆነ የመንገዱ ግማሽ የገበያተኛው ነው። ከሻሸመኔ እስከ ዲላ ደግሞ ከተማው አያልቅም። አንዱን ጨረስኩ ስትል ሌላው ይጀምራል። እግረኛው አስፋልቱን ነው የሚሄድበት፤ ሌላ ምን ይሄድበታል? ልጅ ከየት እንደሚወጣ አታውቅም። እግሬ ፍሬን ላይ እንዳለ ነው የምጨርሰው።

የሚቀለኝ ከቡሌ ሆራ በኋላ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሰፊ ሰማይ፣ ጥቂት ሰው። ግመል ግን ተጠንቀቅ። ከብት ጥሩንባ ስትነፋለት ይሸሻል። ግመል ዞሮ ያይሃል፣ ከዚያ በፈለገው ሰዓት ይሄዳል።

ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የምመክረው አንድ ነው። በአንድ ቀን ሞያሌ እገባለሁ አትበል። ዲላ እደር፣ ያቤሎ እደር። ሌሊት አትጓዝ። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቅ። የሰማኸው ትናንት እውነት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ መጠየቅ ነው።

ቀለበት_መንገድ፦

እኔ የማይገባኝ ለምን በፍጥነት መንገዱ አትሄዱም? የአዲስ አዳማው በ2007 መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ሞጆ መድረስ የቡና ሰዓት ነገር ሆኗል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየአቅጣጫው 3 መስመር፣ ከብት የለ፣ ጋሪ የለ። ከሞጆ እስከ ዝዋይ ያለውም ተከፍቷል። ሀዋሳ ድረስ ሲያልቅ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አሮጌው መንገድ ለማን ይሆናል?

ቸርችል_ቁልቁለት፦

ለአህያውና ለእኔ 😄

የምሬን ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ሄጃለሁ። ንፁህ ነው፣ ሰላም ነው፣ ማንም አይሞትብህም። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን መቂን አያሳይህም። አጥሩንና የሚቀጥለውን የኪሎ ሜትር ምልክት ነው የምታየው። ሞጆ ላይ ሸንኮራ የምትቆርጠው ልጅ፣ ዝዋይ መግቢያ ላይ አሳ አንጠልጥሎ የሚያሳይህ ጎረምሳ፣ እነዚህ አሮጌው መንገድ ላይ ቀርተዋል።

ባለ_ተሳቢ፦

ያ ጎረምሳ አሳውን ሊያሳይህ ብሎ አስፋልቱ መሃል ነው የሚገባው። አንተ ትዝናናለህ፣ እኔ ፍሬን እይዛለሁ። የፍጥነት መንገዱ ቢያልቅልኝ ደስታዬ ነው።

ሐይቅ_ዳር፦

ክርክራችሁ ይቀጥል። እኔ አብያታ ላይ ላቁማችሁ። ሁሉም ሰው ላንጋኖ ገብቶ ይዋኛል። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሐይቅ ግን የሚያየው የለም። ሲጠፋም የሚያየው የለም።

አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በኩል ነው። ዝዋይ ዙሪያ ለአበባና ለአትክልት ውሃ ይሳባል። ቡልቡላ ላይ ገበሬው ሞተር ይተክላል። ሐይቁ ዳር ደግሞ የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ፋብሪካ ጨዋማውን ውሃ ወደ ማድረቂያ ገንዳ ሲስብ ኖሯል። የቀረውን ፀሐይ ትወስዳለች። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ውሃው ትንሽ ሲወርድ ዳርቻው በጣም ይርቃል። ድሮ ውሃ የነበረበት ላይ ዛሬ ከብት ይሰማራል።

ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ውሃው በእግር ሂዱ። መሬቱ ላዩ ነጭ ቅርፊት ነው፤ ስትረግጡት ይሰነጠቅና ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ይወጣል። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ጫማችሁን አትውደዱት።

አሁን ወደ ፔሊካኖቹ ልምጣ። ሻላ ውስጥ ባሉ ደሴቶች ላይ ይፈለፍላሉ። ሻላ ግን ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ለአሳ የማይመች ጨዋማ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ጎጆአቸው ሻላ፣ ጓዳቸው አብያታ ነበር። አብያታ ጨው ሲበዛበት አሳው አለቀ። ወፎቹ ምግብ ፍለጋ ዝዋይ ድረስ መመላለስ ጀመሩ። ፍላሚንጎው ጨዋማ ውሃ ስለሚስማማው አሁንም አለ።

እና አንድ ነገር ልናገር። አዲስ አበባ ላይ ለልደትም ለሰርግም የምንገዛው ጽጌረዳ፣ በበጋ የምንበላው ቲማቲም፣ ከዚሁ ውሃ የሚጠጣው ብዙ ነው። ያንን ከሰሉንም ጨምሩበት። ከዝዋይ እስከ ላንጋኖ መንገድ ዳር በጆንያ ቆሞ የሚሸጠው ግራር ነው። መኪናችን ላይ ጭነን ሸገር የምናስገባው እኛ ነን።

ካዛንቺስ_ሰው፦

ሐይቅ ዳር፣ ወሬህ ከበደኝ። ከሰል ሻጩ ግን ሌላ ምን ይሽጥ? ለከሰሉ ምትክ ሳትሰጠው "ግራር አትቁረጥ" ማለት ለእኛ ይቀለናል።

ለማንኛውም ቀጣዩ ፌርማታ አርሲ ነገሌ ነው። የነገሌ አረቄ! ሌላ ምንም አልልም። ጓደኛህ ከጠጣ ግን ሻሸመኔን አያያትም።

ሐይቅ_ዳር፦

ልክ ነህ፣ ሻጩን አልወቀስኩም። የወቀስኩት የእኛን የመኪና ኮፈን ነው።

የዲላ_ልጅ_6ኪሎ፦

ሰላም! ሀዋሳ ላይ ጠዋት አሞራ ገደል ሄዳችሁ አሳ ዱለት ብሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ተመልከቱ፣ ከዚያ ቶሎ ውጡ። ጊዜያችሁን ለእኛ አስቀሩልን 😊

ከሀዋሳ ስትወጡ ግራሩ ያበቃል። አለታ ጩኮ አካባቢ አናናስ መንገድ ዳር ተከምሮ ታገኛላችሁ። ልጦ፣ ቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ። እየበሉ መንገድ መቀጠል ነው፤ እጅ መታጠቢያ ውሃ ግን ያዙ።

ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። የከተማ ልጆች ሲያዩት "ጫካ ነው" ይላሉ። ጫካ አይደለም፣ እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛና ሌሎች ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎደሬና ጎመን። ሁሉም በአንድ ማሳ ላይ። ቤቶቹ እንሰቱ ውስጥ ስለሚደበቁ ሰው የሌለበት ይመስላል። ግን በአገሪቱ ገጠሮች ሕዝብ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህን ያህል ሰው በዚህ ቁልቁለት ላይ አፈሩ ሳይታጠብ የሚኖረው በዚሁ አተካከል ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውም ለዚህ ነው። የድሮ ትክል ድንጋዮቹም የዚሁ ቅርስ አካል ናቸው፤ ዲላ አጠገብ ጨልባ ቱቲቲን እዩ።

መቼ ልምጣ ላልከው፣ ኅዳር ና። ቡናው ቀይ ሆኖ የሚለቀመው ያኔ ነው። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ በእንጨት አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ጣታቸው ሳያርፍ የተሰበረውን፣ የተበሳውን፣ የጠቆረውን ይለቅማሉ። ፀሐይ ሲበረታ ይሸፍኑታል። ሲበርድ ይገልጡታል። ማታ ደግሞ ይሸፍኑታል፣ ጤዛ እንዳይነካው። እናንተ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ የምትጠጡት ማኪያቶ ይህን ሁሉ አይቶ ነው የሚመጣው። ሌላው ቀርቶ ሽታው ራሱ ይበቃል። እሸት ቡና ሲታጠብ የተብላላ፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ ሽታ አለው። መስኮት ክፈቱ።

ለገሀር_ማዶ፦

የዲላ ልጅ፣ አስጎመጀሽን እኮ።

ዱብሉቅ_ሰማይ፦

የምኖረው ቦሌ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን ቦረና ነው። "ደረቅ ነው፣ ምንም የለም" የሚለውን መልስ አልፈልግም ስላልክ ደስ ብሎኛል። ደረቅ ነው። ግን ብዙ ነገር አለ።

ከቡሌ ሆራ በኋላ ቁልቁል ስትሄድ አረንጓዴው እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ ይመጣል። ያቤሎ አካባቢ የምስጥ ኩይሳ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ታያለህ። ከያቤሎ ወደ ሜጋ ስትሄድ ዱብሉቅ ላይ ውረድ። ጥልቅ ጉድጓዶቹ እዚያ አሉ።

ጉድጓዱ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ምድር ውስጥ የሚወርድ ሰፊ መንገድ አለ፣ ከብቱ የሚገባበት። መጨረሻው ላይ የጭቃ ገንዳ። ከገንዳው ወደ ታች ደግሞ ሰዎች በእንጨት መረማመጃ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ ይቀባበላሉ። ሙሉው ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል፣ አንድም አይቆምም። የሚያቀናጃቸው ዘፈኑ ነው። ዘፈኑ ከፈጠነ ባልዲው ይፈጥናል። ከብቱም ተራውን ጠብቆ ነው የሚገባው፤ የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ የሚያስተዳድር ሰው አለ፣ አባ ሄሬጋ ይባላል። የቦረና የገዳ ሥርዓት ወረቀት ላይ ብቻ የሚነበብ የሚመስለው ሰው እዚያ ቆሞ ይይ። ጠቅላላ ጉባኤው፣ ጉሚ ጋዮ፣ በየ8 ዓመቱ በዚሁ አካባቢ ነው የሚካሄደው።

ትንሽ አልፎ ኤል ሶድ አለ። ጨው ቤት ነው የሚባለው። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ሥሩ ጥቁር ሐይቅ። ወንዶቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ከወለሉ ጭቃና ጨው ያወጣሉ። አህያዋ ተሸክማ ያንን ገደል ትወጣዋለች። ቁልቁለቱ ቀላል ነው፤ ሲመለሱ ነው የሚታየው። ውሃ ይዘህ፣ ጠዋት ግባ።

አንድ ነገር አደራ። ጉድጓዱም ሐይቁም የሰው የሥራ ቦታ ነው። ሠራተኞቹ ልብስ ላይኖራቸው ይችላል። ሳትጠይቅ ስልክህን አታውጣ። መንደሩ ጋ አስጎብኚ ያዝ፣ የሚጠየቀውን ክፈል።

አሁን ከእህቴ ከዲላ ልጅ ጋር ልጣላ ነው። ኅዳር አትምጣ። የእኛ አነስተኛው ዝናብ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ዝናብ ከጣለ ከብቱ ኩሬ ይጠጣል፣ ጉድጓዱ ያርፋል። ዘፈን መስማት ከፈለግክ ጥር ወይም የካቲት ና።

የዲላ_ልጅ_6ኪሎ፦

ወንድሜ፣ ጥር ላይ እኮ ለቀማው እያለቀ ነው! ቀይ ቡና ሳያይ ይመለስ?

ዱብሉቅ_ሰማይ፦

አልጋው ላይ ያለውን ያያል። በዛፉ ላይ ያለውን ፎቶ ትልኪለታለሽ 😄

ወፍ_ቆጣሪ፦

ያቤሎ ከደረስክ አንድ ወፍ ፈልግልኝ። ግራጫ ናት፣ የቁራ ወገን፣ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አላት። ከያቤሎ፣ ሜጋና አሬሮ አካባቢ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለችም። ሳይንስ ያወቃት በ1930ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አገሩ ለእሷ አጥር የለውም፤ ግራሩ ከዚያም ወዲያ ይቀጥላል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ሙቀቱ ነው፤ እዚያች ደጋ ቀመስ ቁራሽ መሬት ላይ አየሩ ከዙሪያው ይቀዘቅዛል። አስፋልቱ ዳር ላይ ስትለቅም ልታገኛት ትችላለህ። ቢኖክላር ባይኖርህም ትታያለች።

ካዛንቺስ_ሰው፦

አረቄውን ትታችሁ ወፍ ውስጥ ገባችሁ?

ቸርችል_ቁልቁለት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ቀያሽ፣ ለእርስዎ ደግሞ በተለየ። ወስነናል። ከገና ማግስት፣ ጥር መጀመሪያ። ለቀማው ሳያልቅ ይርጋ ጨፌ እንደርሳለን፣ ጉድጓዱም ሥራ ላይ ይሆናል። የመጀመሪያው ሌሊት ዲላ፣ ሁለተኛው ያቤሎ። አብያታ ላይ ለመውረድ ግን አውቶቡሱ አይጠብቀንም። እሱን እንዴት እናድርገው?

ባለ_ተሳቢ፦

ሲመለሱ። ከሻሸመኔ ሚኒባስ ያዙና ፓርኩ በር ላይ ውረዱ። ከዚያ ወደ ዝዋይ የሚሄድ ሌላ ሚኒባስ አይጠፋም። ከሰዓት አትዘግዩ።

ለገሀር_ማዶ፦

ሞያሌ ራሷስ? ምን አለ?

ባለ_ተሳቢ፦

ድንበር አለ። አንዱ ሞያሌ የእኛ፣ አንዱ የኬንያ። ሻይው እዚህም እዚያም በወተት ነው። መሻገር ከፈለጋችሁ ፓስፖርት ያዙ። መንገዱ ከዚያ ወዲያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ይገባል፣ አስፋልት ነው። ብቻ ድንበሩን እንዳለፍክ በግራ ነው የሚነዳው። አስፋልት ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።